ዳር በሌለው ውሃ ላይ የታየ ሸራ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ዝላታ ጉርቪች
ዕድሜ፦ 21
የትውልድ ቦታ፦ ፒንስክ፣ የሩሲያ ግዛት
ሥራ፦ የሴት ልጆች አስተማሪ
አድራሻ፦ ለጊዜው ሐሊፋክስ ወደብ፣ የመጤዎች ማረፊያ፤ መድረሻዋ ሞንትሪያል፣ መጽሐፍ ጠራዥ ከሆነው አጎቷ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1908
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሂዩ ማክኒል፣ የወደብ ፖሊስ
አስተርጓሚ፦ ሌይብ ጋርፊንክል
ጉዳዩ፦ ካታሪና ከተባለው የእንፋሎት መርከብ ላይ ወደ ባሕር ስለ ወደቀው መንገደኛ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ በጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የተናገርሁት በእኛ በአይሁዶች ቋንቋ በዪዲሽ ሲሆን አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውታል። ቃሌን ከመጀመሬ በፊት ሳጅኑ በወረቀቱ ራስ ላይ አንድ ነገር ሲጽፍ ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁ። "ሟች ኖኽም ዶልጊን" የሚል መሆኑ ተነገረኝ። መሞቱን ስላላየሁ "ሟች" የሚለው ተሰርዞ "የጠፋው" ተብሎ እንዲጻፍ አመለከትሁ። ሳጅኑ ተስማምቶ ሰርዞታል።

የጠፋው ኖኽም ዶልጊን ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው የፈረስ ዕቃ ሰፊ ነው። ሚስቱ ብሬይነ ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ገና መራመድ ያልጀመረች ፔሴለ የምትባል ሴት ልጅ አለቻቸው። ሦስቱንም ያወቅኋቸው በመርከቡ ላይ ነው። ከሊባው ወደብ ስንሳፈር፣ ለሴቶች በተከለለው የሦስተኛ ማዕረግ ክፍል የብሬይነ አልጋ ከእኔ አልጋ በታች ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሕፃኗን በየተራ ስንይዝ፣ ደረቅ ዳቦና ሽንኩርታችንንም አብረን ስንበላ ሰነበትን።

ብቻዬን የምጓዝ ብሆንም በሴቶቹ መካከል ሥራ አላጣሁም። አብዛኞቹ ጸሎቱን በጆሮ እንጂ በፊደል ስለማያውቁት፣ በምኩራባችን እንደሚደረገው ማንበብ የምትችል አንዲት ሴት ቀድማ ታነባለች፤ ሌሎቹ ቃል በቃል ይከተሏታል። ይህ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ገነንድል የምትባል የዶሮ ነጋዴ ገና በመጀመሪያው ቀን "መጡልን፣ ረቢያችን በቀሚስ!" ብላ የሃይማኖት መምህር ስም ስላወጣችልኝ፣ እስከ መጨረሻው በዚሁ ስጠራ ቆይቻለሁ።

እሑድ ሴፕቴምበር 27 የአዲስ ዓመታችን ሁለተኛ ቀን ነበር። በዚህ በዓል ከሰዓት በኋላ ወደ ውሃ እንወርዳለን፤ ያለፈው ዓመት ኃጢአታችን ወደ ጥልቁ እንዲጣል እየለመንን ኪሳችንንና የልብሳችንን ጫፍ እናራግፋለን። ሥርዓቱ የሚፈጸመው በመጀመሪያው ቀን ቢሆንም፣ ዘንድሮ ያ ቀን ቅዳሜ፣ በሰንበታችን ላይ ስለ ዋለ ወደ እሑድ ተላልፎ ነበር። በከተማችን ለዚህ የምንሄደው ወደ ወንዝ ነው። ከወንዝ ዳር ቆሞ ጎንበስ ብሎ ኪስ መገልበጥ ማንንም አያሰጋም። በመርከቡ ላይም የቆምነው ወንዝ ዳር እንደምንቆመው ነው፤ ለደረሰው ነገር ከዚህ የተለየ ምክንያት አላውቅም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ላይኛው ወለል ወጣን። ትልቅ ማዕበል አልነበረም፤ መርከቡ ግን ቀስ እያለ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር። ለእኛ ማዕረግ የተፈቀደው ቦታ በገመድ የተከለለ ነው። እዚያው ሳለን በወንዶቹ መካከል ክርክር ተነሣ። ረብ ጌትስል የሚባሉ ሕግ አዋቂ ሽማግሌ፣ ሥርዓቱ ዓሣ ባለበት ውሃ ላይ ቢፈጸም እንደሚመረጥ አሳሰቡ።

"በዚህ ሁሉ ባሕር ዓሣ ጠፍቶ ነው፣ ረብ ጌትስል? ወጥቶ እጅ ይንሣዎት እንዴ?" አላቸው አንዱ።

"ቢታይ ይሻላል ነው ያልኩት! ቢታይ!" አሉ።

አንድ መርከበኛ ነገሩን ከእጃቸው ምልክት ተረድቶ፣ የወጥ ቤቱ ጥራጊ በሚጣልበት በመርከቡ ኋላ በኩል ዓሣና ወፍ እንደሚሰበሰብ ጠቆማቸው። ወንዶቹ ገመዱን ብድግ እያደረጉ በሥሩ አልፈው ወደዚያ ሄዱ። የከለከላቸው የለም፤ ሂዱ ብሎ ያዘዛቸውም የለም። መርከበኛው የተጠየቀውን ስለ መለሰ ብቻ እንዳይወቀስ አመለክታለሁ።

ኖኽም ከመሄዱ በፊት ወደ ብሬይነ መጥቶ የካፖርቱን ኪስ ገልብጦ አሳያት። ከአጠገባቸው ስለ ነበርሁ የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

"አንተ ደግሞ ምን ልታራግፍ ነው? ኪስህ እንደ ሆነ ወንፊት ነው። ኃጢአቱ ሊባው ላይ ተንጠባጥቦ አልቋል" አለችው።

"የውስጡ ኪስ አለልኛ! ትልልቁን እዚያ ነው የደበቅኩት" አላት።

"እኔ ሳላየው? መቼ ሠርተኸው ነው?"

"አንቺ ስታንኮራፊ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ብሬይነም እየሳቀች በክርኗ ገፋ አደረገችው። ወደ እኔ ዞሮም "ረቢት፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እሺ? ዓሣዎቹ ፊደል አልቆጠሩም" ብሎኝ ሄደ። ከዚህ በኋላ ሲናገር አልሰማሁትም።

ንባቡን ጀመርሁ። ነፋሱ ገጹን ስለሚገለብጥብኝ መጽሐፉን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔን ከመስመሩ ላይ አላነሣሁም። በእኛና በወንዶቹ መካከልም የመርከቡ ክፍሎች ግድግዳ ነበረ። ስለዚህ ኖኽም ሲወድቅ አላየሁም። ከሴቶቹ መካከልም ያየ የለም። ስለ አወዳደቁ የማውቀው ከወንዶቹ የሰማሁትን ነው፤ የሰማሁት ካየሁት ተለይቶ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። እነሱ እንደሚሉት፣ የውስጡን ኪስ ወደ ውጭ ለመገልበጥ በደረቱ የመደገፊያው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ሁለቱንም እጁን ለቀቀ። በዚያው ቅጽበት መርከቡ አዘነበለ። ካፖርቱን የያዘ አንድ ሰው ነበር፤ ካፖርቱ ግን አመለጠው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በዓይኔ ያየሁት ነው። ጩኸት ስሰማ መጽሐፉን ለገነንድል ሰጥቼ ሮጥሁ፤ በገመዱ ሥር አልፌ ከኋላ በኩል በነበረ የገመድ ጥቅል ላይ ወጣሁ። መርከቡ ከኋላው ከሚዘረጋው ነጭ አረፋ በስተቀኝ የሰው ራስና አንድ ክንድ አየሁ። ክንዱ ከውሃው በላይ ነበር፤ ይንቀሳቀስም ነበር። ሞገድ ሸፈነው። ሞገዱ ሲወርድ ራሱን እንደገና አየሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ክንድ አላየሁም። ሌላ ሞገድ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላየሁም። ሰጠመ ማለት አልችልም። መርከቡ ገና እየሄደ ስለ ነበረ በመካከላችን ያለው ርቀት እየሰፋ ነበር፤ እኔ ማየት የተሳነኝ ሰው ሁሉ ሰጥሟል ማለት አይደለም።

ከእሱ ባሻገር በሰሜን በኩል ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ግራጫ ሸራ አየሁ። በዚያ ባሕር እንደሚታዩት የዓሣ አጥማጆች መርከቦች ያለ ትንሽ ነበር። ርቀቱን መገመት አልችልም። ወደ እኛ ይምጣ ወይም ይራቅ አልለየሁም። ጥቂት ቆይቶ በዚያ በኩል ቆሞ የነበረው ጭጋግ ዋጠው።

ብሬይነ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከገመዱ ወዲህ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ሰው ሁሉ አጠገቧ እየሮጠ ሲያልፍ "ማነው? ማነው የወደቀው?" ትል ነበር። የመለሰላት የለም። ወንዶቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ ፊታቸውን እያየች ቆየች፤ ማን እንደ ሆነ ያወቀችው ያልተመለሰውን በማጣት ነው።

መርከቡ ቆመ፤ የነፍስ አድን ጀልባም ወረደ። ጀልባው ጨለማ እስኪሆን ድረስ ፈልጎ ባዶውን ተመለሰ። መርከበኞቹ የቻሉትን እንዳደረጉ አምናለሁ። ጀልባው ግን ወደ ጭጋጉ ውስጥ እንዳልገባ አይቻለሁ፤ ሸራውን ከዚያ ሆነው ሊያዩት አይችሉም ነበር። ለአንዱ መኮንን ሸራ እንዳየሁ በጀርመንኛ ነገርሁት፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ያልሁት ገብቶት እንደ ሆነ አላወቅሁም።

በማግሥቱ ረብ ጌትስል ሳጥን ይዘው መጥተው በሴቶቹ ክፍል ደጃፍ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ከእኔ የተፈለገው ነገር እንዲገባችሁ ሕጋችንን በአጭሩ መግለጽ አለብኝ። ባሏ ውሃ ውስጥ የወደቀባት ሴት ዕጣ የሚወሰነው በውሃው ነው። ዳሩ በዙሪያው የሚታይ ኩሬ ከሆነና ሰውየው ሳይወጣ ከቀረ፣ ሞቷል ይባላል። ዳሩ የማይታይ ውሃ ከሆነ ግን በሌላ በኩል ወጥቶ ይሆናልና ሞቷል አይባልም። መሞቱን ያየ ካልተገኘ ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ የእሱ ሚስት ሆና ትኖራለች። ሌላ አታገባም። ለቅሶም አትቀመጥለትም፤ ለቅሶ ከተቀመጠች ሰው መበለት ናት ብሎ ያስባልና።

ረብ ጌትስል የወንዶቹን ቃል አስቀድመው ሰምተዋል፤ ሁሉም መውደቁን እንጂ መሞቱን አላዩም። እኔን ግን ገና አልጠየቁኝም ነበር።

"ስሚኝ ልጄ፤ ሞንትሪያል ያሉት ረቢዎች ጨካኞች አይደሉም። ለእንዲህ ያለችዋ ሴት በር ነው የሚፈልጉላት። ጭላንጭል ካገኙ እነሱ ያሰፉታል። አንድ ሰው ሞቶ አይቼዋለሁ ካለ ይበቃቸዋል። ሴትም ብትሆን" አሉኝ።

"ይህን አንብቤዋለሁ፣ ረብ ጌትስል" አልኋቸው። በሌላ ጉዳይ የሴትን ምስክርነት የማይቀበለው ሸንጎ፣ በዚህ አንድ ጉዳይ የእኔን ብቸኛ ቃል እንደሚቀበል ከመጽሐፍ አውቅ ነበር። ሳነበው ደስ ብሎኝ እንደ ነበርም አስታውሳለሁ።

"እንግዲያው ምን እንዳየሽ አልጠይቅሽም። ካልጠየቅሁ አልሰማሁም። የወደቡ ፖሊስ ግን ይጠይቅሻል፤ እዚያ የሚጻፈው ነው ለረቢዎቹ የሚቀርበው" ብለው ሳጥናቸውን ይዘው ተነሡ።

ሲሄዱ ገነንድል በሩን ዘጋች። "እሺ፣ ሸራ ያየ አለ? የለም!" አለች። "እኔ እንደ ሆነ ዓይኔ ውስጥ ጨው ገብቶ ነበር። እናንተም ገብቶባችኋል።" ከሴቶቹ ሁለት ወይም ሦስቱ ሸራውን ማየታቸውን አውቃለሁ፤ እነሱ ለራሳቸው ይናገሩ፣ ስማቸውን አልሰጥም። ገነንድል ወደ እኔ ዞራ "ምነው ረቢያችን? ያን ሁሉ መጽሐፍ ስታገላብጪ ምሕረት የሚል ቃል አላጋጠመሽም? ወይስ ገጹ ተቀዶ ነው?" አለችኝ። ክፋት እንዳልነበረባት ይመዝገብልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሷን ብርድ ልብስ ለብሬይነ ሰጥታ በካፖርቷ ነው የተኛችው።

ብሬይነ ያነጋገረችኝ ከዚያ በኋላ፣ ሕፃኗ ስትተኛ ነው። የተናገረችውን ሳላሳጥር እሰጣለሁ።

"ባል አምሮኝ መስሎሻል? እውነቴን ነው፣ ባል አላማረኝም፣ ዝላታ። ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ ላልቅስለት ነው የምልሽ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ባሏ ለሞተባት ሰው ይመጣላታል፤ የለቅሶ እንቁላል ያበላታል፤ አይዞሽ ይላታል። እኔ ምን ልባል ነው? ማን ነኝ? በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው ብዬ ልነሣ? ልጄን ስትጠይቀኝ አባትሽ ምናልባት አለ፣ ምናልባት የለም ልበላት? ምን አባቴ ልሁን?"

"ሸራው ግን አንስቶት ቢሆንስ?" አልኋት።

"እሱን ነው የማልችለው! እሱን ነው አትንገሪኝ የምልሽ!" ብላ አፌን በመዳፏ ከደነችው። መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር።

ያን ጊዜ ቃል አልገባሁላትም፤ እምቢም አላልኋት። ሁለት ቀን አሰብሁበት። ሞቶ አየሁት ብል ማንም እንደማይጠራጠረኝ አውቃለሁ፤ የሚያምኑኝ ከዚህ በፊት ዋሽቼ ስለማላውቅ ነው። ሐሰቱ በእኔ ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደ ነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ነገር ግን ኖኽም ተነሥቶ ከሆነ፣ ዛሬ ቋንቋውን ከማይሰሙ ሰዎች ጋር በአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ተቀምጧል፤ የእኛን መርከብ ስም ከመጥራት በቀር የሚናገረው የለውም። በእኔ ቃል ሞተ ከተባለ የሚፈልገው አይኖርም። ሸራውን ብደብቅ ብሬይነን ነፃ አወጣለሁ ብዬ እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ኖኽምን ግን የሚፈልገው እንደማይኖር እርግጠኛ ነኝ። ሞቶም ከሆነ፣ አስከሬኑን መረብ አውጥቶት እንደ ሆነ የሚያውቁት እነዚያው ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ብሬይነ በእውነት ልታለቅስ የምትችለውም በእነሱ ቃል ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለብሬይነ ያየሁትን ሁሉ እንደምናገር አስቀድሜ ነገርኋት። ሕፃኗን ከእጄ ወሰደች።

ሳጅኑ፣ ኖኽም ሲወድቅ አይቼ እንደ ሆነና መርከበኞቹ ረድተው እንደ ሆነ ጠይቆኝ ቃሌን ሊዘጋ ሲል ስለ ሸራው መናገር ጀመርሁ። አስተርጓሚው አቶ ጋርፊንክል አላስተረጎሙም። በዪዲሽ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ስለ ሸራ አልጠየቀሽም። ያልተጠየቁትን አለመመለስ ውሸት አይባልም። ውጭ የተቀመጠችውን ሴት አስቢ" አሉኝ።

"እያሰብኋት ነው። ካልጠየቀኝ እኔ ልንገረው፤ እባክዎ ያስተርጉሙልኝ" አልኋቸው።

መነጽራቸውን ጠርገው አስተረጎሙ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አላጎደሉም። ሳጅኑም ስለ ሸራው አቅጣጫና ሰዓት ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ የመለስሁት ከላይ ተጽፏል።

ቃሌ እስከዚህ ከተጻፈ በኋላ አቶ ጋርፊንክል በዪዲሽ አነበቡልኝ፤ የሚከተለው ከዚያ በኋላ የተጨመረ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ብሬይነ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ንባቡ ከሸራው ሲደርስ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። እኔን አላየችኝም፤ ያየችው ሳጅኑን ነው።

"ይፈልጉታል?" አለች።

ሳጅኑ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ላሉት የዓሣ አጥማጆች ወደቦች ዛሬውኑ ቴሌግራም እንደሚልክ፣ መርከቦቹ ግን ወደ ወደብ የሚመለሱት ዓሣው ሲሞላላቸው ስለ ሆነ መልሱ ሊዘገይ እንደሚችል ነገራት። የሰውየውንም መለያ ጠየቃት። የተናገረችው ከዚህ ቃል ጋር እንዲያያዝ ፈቅዳለች፤ እኔም እንደ ሰማሁት አስመዘግባለሁ።

ቁመቱ መካከለኛ ነው። ጢሙ ቀይ ዳማ ሲሆን በአገጩ ቀኝ በኩል የፈላ ሰም ስላቃጠለው ሳስቷል። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር በወስፌ ተሰንጥቆ ለሁለት ነው ያደገው። ሸሚዙን የሰፋችው ራሷ ናት፤ በአንገቱ ላይ ካሉት ቁልፎች የታችኛው ከሌሎቹ ይለያል። የዓሣ አጥንት ያንቀዋል፤ እየለቀሙ ካልሰጡት ይፈራል።

ሳጅኑ ይበቃል ብሎ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል ብሬይነ ጠረጴዛው ድረስ መጣች። "አንድ ነገር ጨምሩበት" አለች። "ሲሰፋ ክሩን በጥርሱ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አንዴ ሲጠሩት አይመልስም፤ ልማድ ሆኖበት ነው። አንዴ ጠርተው ዝም ሲላቸው እሱ አይደለም ብለው እንዳይሄዱ። ሁለቴ ይጥሩት። ንገሯቸው፤ ሁለቴ ይጥሩት።"

ይህም በቴሌግራሙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቃ፣ ሳጅኑ ጽፎታል።

ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ከሰማሁበት ጋር ተናግሬያለሁ፤ ያላየሁትንም አላየሁም ብያለሁ። ቃሌ በምሰማው ቋንቋ ተነቦልኝ የተጨመረበትም የተቀነሰበትም እንደሌለ አረጋግጬ፣ ለየትኛውም ሸንጎ ቢቀርብ እንደምጸናበት አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዝላታ ጉርቪች

ስለ ጠፋው ሰው መለያ የተናገረችው፣ መጻፍ ስለማትችል በጣት አሻራዋ፦ ብሬይነ፣ የኖኽም ዶልጊን ሚስት

በትክክል ስለ ማስተርጎሜ፦ ሌይብ ጋርፊንክል

ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሂዩ ማክኒል